ጽንስ የማስያዝ ሕክምናው ሳይሳካ ሲቀር፦ የወንዱ ምርመራ ለምን ይዘነጋል?

ከብት ሸጠው፣ ከዘመድ ተበድረው አሊያም የዓመታት ቁጠባቸውን አሟጥጠው ከማህፀን ውጭ ጽንስ የማስያዝ ሕክምና (አይ ቪ ኤፍ) የሚጀምሩ ባልና ሚስት ጥቂት አይደሉም። ሕክምናው ሳይሳካ ሲቀር ታዲያ አስቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ “ማህፀኗ ምን ሆኖ ነው?” የሚል ነው። ለሳምንታት መርፌ ስትወጋ የከረመችው ሴት ዳግም ለአልትራሳውንድ ትተኛለች። ባልየው ግን ከዓመታት በፊት በሰጠው አንድ ናሙና “ደህና ነህ” ከተባለ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ይህ አካሄድ ከሕክምናው እውቀት ጋር አይገጥምም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ይፋ ባደረገው ሪፖርት፣ ከ6 ሰዎች 1ዱ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። ልጅ ካላገኙ ጥንዶች ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱ ችግር ለብቻው ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። በየመንደሩ “ሌላ አግባ” የሚለውን ምክር ሰምቶ ትዳሩን ያፈረሰ፣ ከሁለተኛዋም ሚስቱ ልጅ ያላገኘ ሰው ታሪክ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። በደሉ ግን በመጀመሪያዋ ሴት ላይ ተፈጽሞ ያለፈ ነው።

“ደህና ነው” የሚለው ውጤት ራሱ ጠለቅ ብሎ መታየት ይኖርበታል። ድርጅቱ በ2021 ባሳተመው መመሪያ መሠረት የዘር ሕዋስ ብዛት ዝቅተኛ መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። ይህ አኃዝ የተወሰደው ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች መካከል ዝቅተኛውን ውጤት ካስመዘገቡት 5 በመቶዎቹ መለያ ላይ ነው። ስለዚህ ከመነሻው በላይ መሆን መውለድን አያረጋግጥም፤ ከበታች መሆንም መካንነትን አይፈርድም። በዚያ ላይ ውጤቱ ከናሙና ናሙና ይለያያል። የዘር ሕዋስ ተመርቶ እስኪጎለምስ ከ2 ወር በላይ ስለሚፈጅ፣ ከሁለት ወር በፊት ያስተኛ ትኩሳት የዛሬውን ውጤት ሊያዛባ ይችላል። ቢያንስ ሁለት ናሙና ማየት ተገቢ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከናሙናው ባሻገር የሰውነት ምርመራ አለ። በዘር ፍሬ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ (ቫሪኮሲል) ልጅ ባላገኙ ወንዶች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምና ሊስተካከል ይችላል። የጉርምስና ዕድሜ ካለፈ በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ትምባሆና ከባድ የአልኮል መጠጥም መጠየቅ ያለባቸው ናቸው። በከተሞች ጡንቻ ለማዳበር የሚወሰደው የቴስቶስትሮን መርፌ ደግሞ አስገራሚ ባሕርይ አለው፤ ወንድነትን ያጠነክራል ተብሎ እየተወጋ የዘር ሕዋስ ምርትን ያቆማል።

አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚመለከተው የጸረ ተባይ ኬሚካል ነው። በ1977 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ዲ ቢ ሲ ፒ የተባለውን የአፈር ተባይ ማጥፊያ ያመርቱ የነበሩ ሠራተኞች ልጅ መውለድ እንደተሳናቸው ታውቆ ኬሚካሉ በአገሪቱ ታግዷል። ሁሉም ኬሚካል እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም። ሆኖም ያለ ጓንትና ያለ አፍንጫ መሸፈኛ የሚረጭ ሰው ይህን ለሐኪሙ መናገር ይገባዋል።

ከከሸፈ ሕክምና በኋላ የሚነሳው ሌላው ምርመራ በዘር ሕዋሱ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ መሰባበሩን የሚለካው ነው። ጽንሱ ከሦስተኛው ቀን ገደማ በኋላ ማደጉን ካቆመ፣ ወይም ውርጃ ከተደጋገመ ሐኪሞች ሊያስቡበት ይችላሉ። ለሁሉም ሰው ግን አይመከርም፤ ውጤቱን ተከትሎ ምን መደረግ እንዳለበትም ባለሙያዎች ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። የሴቷ ዕድሜና የእንቁላሏ ጥራት ያላቸው ከፍተኛ ድርሻም አይዘነጋም።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት ማዕከል መከፈቱ፣ ለሕክምናው ወደ ውጭ አገር መጓዝን ብቸኛ አማራጭ ከመሆን አውጥቶታል። ከክልል ለሚመጣ ሰው ግን መንገዱና ማደሪያው አሁንም ወጪ ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከአንድ ዙር አይ ቪ ኤፍ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ አነስተኛ ነው። ሁለተኛ ዙር ከመከፈሉ በፊት ጥንዶቹ ስንት እንቁላል እንደተወሰደ፣ ስንቱ እንደጸነሰና እድገቱ በስንተኛው ቀን እንደቆመ የሚገልጸውን ማስረጃ ከሕክምና ተቋሙ ጠይቀው መውሰድ ይችላሉ። ባልየውም ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ አዲስ ናሙና ይሰጣል።