የትንሿን ከተማ ራዲዮ ማን ለወጠው?

ስለ አሜሪካ ትንንሽ ከተሞች የራዲዮ ጣቢያዎች በተወራ ቁጥር ከነጋዴው ጀምሮ እስከ ምሁሩ ድረስ ከሁሉም አፍ የማይጠፋ አንድ አነጋገር አለ፤ እርሱም ጣቢያው የገበሬውን ዜና ትቶ የድሮ ዘፈን ማሰማት ቢጀምር፣ የድሮውንም ዘፈን ትቶ በስብከት ወይም በፖለቲካ ሙግት ቢተካ፣ ለውጡን ያመጣው የአድማጩ ጣዕም ነው፣ ባለቤቱም ሕዝቡ የፈረደውን ከመፈጸም በቀር ያደረገው ነገር የለም የሚል ነው። ይህ አነጋገር ለባለንብረቱ የኅሊና ዕረፍት፣ ለሕግ አውጪውም የስንፍና መጠጊያ ስለ ሆነ ዕድሜው ረዝሟል፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን ከመሠረቱ ሐሰት ነው። በአገራችን የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ በተባለ ጊዜ አድማጩ ቢያንስ ለውጡን ያዘዘው ማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር፤ የሰሜን ዳኮታ ወይም የኔብራስካ አድማጭ ግን ጣቢያውን ከተነጠቀ በኋላ ነጣቂው አንተው ራስህ ነህ ይባላል።

የቀድሞው የትንሽ ከተማ ጣቢያ ማለዳ የከብትና የስንዴ ዋጋ ይናገር ነበር፤ በረዶ የጣለ ዕለት የሚዘጉትን ትምህርት ቤቶች በየስማቸው ይጠራል፤ ቀትር ላይ የሞቱትን ሰዎች ስም ከነቀብራቸው ሰዓት ያነባል፤ ከዚያም አሮጌ ማረሻ ወይም የልጅ አልጋ ያለው ሰው ስልክ ደውሎ በአየር ላይ ከጎረቤቱ ጋር የሚገበያይበት ሰዓት ይከተላል፤ ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግጥሚያ፣ እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነው። ዘፈን በእነዚህ መካከል እየገባ ጊዜ የሚሞላ እንጂ የጣቢያው ነፍስ አልነበረም። «ፎርማት (የጣቢያው የፕሮግራም ዓይነት) ተለወጠ» ሲባል ግን የሚቈጠረው ዘፈኑ ብቻ ነው፤ የሙታኑ ስም መነበብ የቀረበት ቀን በማንም መዝገብ አይገኝም።

ደግሞስ የአድማጩ ጣዕም መለወጡ በምን ተለካ? የአድማጭን ቍጥር ለብዙ ዘመን ይለካ የነበረው አርቢትሮን የሚባለው ኩባንያ ነው፤ አለካኩም ለተመረጡ ሰዎች ትንሽ ደብተር እየላከ ለአንድ ሳምንት የሰሙትን ጣቢያ በእጃቸው እንዲጽፉ ማድረግ ነበር። ይህ ኩባንያ በመላው አሜሪካ የለያቸው ገበያዎች ሦስት መቶ ገደማ ብቻ ስለ ነበሩ፣ ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞች ከዚያ መዝገብ ውጭ ቀርተዋል። እንግዲህ ማንም ያልጠየቀውን ሕዝብ «ፈረደ» ማለት ዳኛው ሳይሰየም የፍርድ ግልባጭ እንደ ማውጣት ነው።

ለለውጡ እውነተኛ ምክንያት የሚሻ ሰው የደመወዝ መዝገቡን ይግለጥ። በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ቀጥሎ ያሉትም ቀኖችና ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) መጀመሪያ ሙዚቃን ከነአስተዋዋቂው ድምፅ በሳተላይት የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ ከዚያ ወዲያ የአንድ ትንሽ ጣቢያ ባለቤት የጠዋቱን አስተዋዋቂ፣ የዜናውን ሰውና የማታውን ልጅ አሰናብቶ፣ በአንድ መቀበያ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ማሰራጨት ቻለ። የካንትሪ ዘፈን ጣቢያ በአንድ ሌሊት የድሮ ዘፈን ጣቢያ ለመሆን የሚያስፈልገው መሣሪያውን ወደ ሌላ መስመር ማዞር ብቻ ሆነ። ከሳተላይቱም ቀጥሎ ኮምፒዩተር መጣ፤ በሩቅ ከተማ ያለ አንድ ተናጋሪ ለብዙ ከተሞች ድምፁን አስቀድሞ ቀድቶ፣ በየአንዳንዱ ከተማ የሚኖር አስመስሎ የሚናገርበት ብልሃት ተስፋፋ። ይህን ካስፋፉት መሣሪያዎች አንዱ፣ ፕሮፌት ሲስተምስ የተባለው፣ የወጣው ከኔብራስካ ትንሽ ከተማ ከኦጋላላ መሆኑ ያስገርማል፤ የገጠሩን ጣቢያ ባዶ ለማድረግ ያገለገለው መሣሪያ ከገጠር ተገኘ። ከዚህ በኋላ ባለቤቱ ፎርማት ሲመርጥ የሚጠይቀው «ሕዝቤ ምን ይወዳል?» ብሎ ሳይሆን «ያለ ሰው የሚሄደው የትኛው ነው?» ብሎ ነው።

ሕጉም ቢሆን ይህን መንገድ ጠረገለት። በ1934 የወጣው የኮሙኒኬሽን ሕግ የራዲዮ ፈቃድ የሚሰጠው ለሕዝብ ጥቅም፣ ምቾትና አስፈላጊነት መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ባለጣቢያው ባለአደራ እንጂ ባለርስት አልነበረም። የኦሃዮ ግዛት ትንሽ ከተማ በሆነችው በሲልቫኒያ የነበረ አንድ የሮክ ሙዚቃ ጣቢያ ተሸጦ ፎርማቱ ሊለወጥ ሲል አድማጮቹ ኮሚቴ አቋቁመው ተሟገቱ፤ በ1973 የዋሺንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ጕዳዩ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም ብሎ ፈረደላቸው። እንዲህ ያለው አድማጭ ነው እንግዲህ «ጣዕሙ ተለወጠ» የሚባለው! ነገር ግን በ1981 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ተርጉድ ማርሻልና ዳኛ ዊልያም ብሬናን ተለይተው ሲቀሩ በሰባት ድምፅ፣ የፎርማትን ነገር ለገበያ መተው ፈቃድ ሰጪ ለሆነው ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የተፈቀደ ነው ብሎ በሩን ዘጋ። በ1996 ደግሞ አንድ ኩባንያ በመላው አገር ሊይዝ የሚችለው የጣቢያ ቍጥር ወሰን ሲነሣ፣ ክሊር ቻነል የሚባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያህል ጣቢያዎች ጠቀለለ።

ከእነዚህም ውስጥ ስድስቱ በማይኖት ነበሩ። ማይኖት በሰሜን ዳኮታ በሱሪስ ወንዝ ዳር ያለች፣ በዚያን ጊዜ ከ36 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ የነበራት ከተማ ናት። ጥር 18 ቀን 2002 ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ 112 ፉርጎ የሚስብ የጭነት ባቡር ከከተማይቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲደርስ 31 ፉርጎዎች ከሐዲዱ ወጡ፤ አምስቱ የአሞኒያ ታንከሮች ፈነዱና ከ550 ሺህ ሊትር በላይ የሆነው መርዝ በነጭ ደመና መልክ ወደ ሰፈሮቹ ነፈሰ። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ነበረ። በከፊሉ ሰፈር መብራት ጠፍቷል፤ ዐይኑና ጕሮሮው እየተቃጠለ ከእንቅልፉ የነቃው ሰው በቤቱ ይቈይ ወይም ይሽሽ አያውቅም፤ የቀረውም ተስፋ በባትሪ የሚሠራው ራዲዮ ነው። ራዲዮው ሲከፈት ግን የተሰማው ዘፈን ነበር። ፖሊሶች ለድንገተኛ ጊዜ ማስታወቂያ ወደ ተመደበው ወደ ኬ.ሲ.ጄ.ቢ. ጣቢያ ቢደውሉ መልስ አላገኙም። በዚያ ሌሊት ደመናው በደረሰበት አካባቢ 11 ሺህ 600 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ተጐዱ፤ አንድ ሰው ከመርዙ ለመሸሽ ሲሞክር ሞተ። በኋላ የተደረገው ምርመራ የባቡሩን አደጋ ምክንያት በሐዲድ ማያያዣ ብረት ላይ በነበረ ስንጥቅ ላይ ጥሎታል፤ የዝምታው ምክንያት ግን በብረት አይሳበብም።

አሁን ወደ ምጣኔ ሀብት ዐዋቂዎች እንለፍ። አንድ ባለቤት በአንድ ከተማ ብዙ ጣቢያ ሲይዝ ከራሱ ጋር እንዳይሻማ ለእያንዳንዱ የተለየ ፎርማት ስለሚሰጥ፣ የባለቤቱ አንድነት የፕሮግራሙን ብዛት ይጨምራል ይላሉ። እውነት ይላሉ! የማይኖት አድማጭ የራዲዮውን ቍልፍ ቢያዞር ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይሸጋገር ነበር፤ በዚያ ሌሊት ግን ስድስቱንም ቢያዳርስ ከነገረ ዓለሙ ሁሉ የሚፈልጋት አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ «መስኮት ዝጉ፣ አትውጡ» የምትለው፣ ከአንዱም በጊዜው አልወጣችም። በስም ስድስት የሆነ፣ በግብር ግን አንድ የሆነ፣ ያም አንዱ በቦታው የሌለ ጣቢያ ምርጫ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቈጠራ እንጂ ራዲዮ አያውቅም።

ኩባንያው በበኩሉ በዚያ ሌሊት በጣቢያው ሰው እንደ ነበረ፣ ስልኩ በጥሪ ብዛት እንደ ተጨናነቀ፣ ጥፋቱም የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን በአግባቡ ያላዘጋጀው የፖሊስ መሥሪያ ቤት እንደ ሆነ ተከራክሯል። ስለ መሣሪያው የተባለው ይሁን፤ ነገር ግን የከተማይቱን አየር የሚተነፍስ፣ መስኮቱን ከፍቶ የሚሸት፣ ሚስቱና ልጆቹ በዚያው ሰፈር ያሉ አስተዋዋቂ ማይክሮፎን ፊት ቢቀመጥ ኖሮ የመሣሪያ ደወል ሳይጠብቅ ይናገር ነበር። ትንሽ ጣቢያ ሰው መቅጠር አይችልም፣ ይከስራል የሚለውንም ብዙ ጊዜ አላጠፋበትም። ያው ኩባንያ ስሙን አይሃርትሚዲያ ብሎ በ2018 ከ20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ጋር ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄዷል፤ ያ ሁሉ ዕዳ የሙታንን ስም ለሚያነብ ሰው ከተከፈለ ደመወዝ የመጣ አይደለም።

በ2017 ጥቅምት ወር የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ አንድ ጣቢያ ፈቃድ ባወጣበት ከተማ ወይም በአቅራቢያው ዋና ስቱዲዮ እንዲኖረው የሚያስገድደውን አሮጌ ደንብ በሦስት ድምፅ ለሁለት ሰርዟል። በዚህ ደንብ መሻር ያላዘነ ሰው የሕዝብ ጣዕም እያለ ባይከራከረኝ እወዳለሁ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የሚያጫውተው ካንትሪም ይሁን መዝሙር ግድ የለኝም፣ ነገር ግን ቀንና ሌሊት ስልክ የሚያነሣ አንድ ሰው በከተማይቱ የማያስቀምጥ ባለፈቃድ ፈቃዱን ይመልስ፤ ሞገዱም ለትምህርት ቤቷ፣ ለማዘጋጃ ቤቷ ወይም ከነዋሪዎቿ ጋር ተቀምጦ ለሚያስተናግዳት ለማንም ይሰጥ።