ፈረሱ አንገቱን ቀና ሲያደርግ

ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት የአምቦ መንገድ ቅዳሜና እሑድ ሞቅ ይላል። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን እያለፋችሁ ስትሄዱ ግራና ቀኙ ቢጫ ነው። ልጆች ከኋላ ወንበር ሆነው መስክ ላይ የሚግጡትን ፈረሶች ይቆጥራሉ። ምሳ አምቦ ይበላል። ከዚያ መኪናው ወደ ወንጪ ይታጠፋል፣ ሐይቁ ከላይ ሆኖ ይታያል፣ ፈረስ አከራዮቹም ከበብ ያደርጓችኋል። "አንድ ዙር ብቻ!" ትላለች ትንሿ። እናንተም እሺ ትላላችሁ፤ ለዚሁ አይደል የመጣችሁት?

የዛሬ ሁለት ዓመት እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። የእህቴ ልጅ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዳማ ፈረስ ላይ ተቀምጧል፣ ፈረሱ ቆሟል፣ ልጓሙን የያዘው ጎረምሳም አጠገቡ ነው። ስልኬን አወጣሁና "እስኪ አንገቱን እቀፈው!" አልኩት። ልጁ ጎንበስ አለ። ዝንብ ትሁን ሌላ ነገር እንጃ፣ ፈረሱ አንገቱን ቀና አደረገ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፈረሱ አልበረገገም፣ አልጋለበም፣ ልጁም አልወደቀም። የላይኛው የፊት ጥርሱ ግን ከነሥሩ ወጥቶ ሣሩ ላይ ቀረ።

ፎቶውን እስካሁን አልሰረዝኩትም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ጥሩ ፎቶ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ያ ጥሩ ፎቶ ነበር።

ፈረስ ሲባል ሁላችንም የምንፈራው መውደቅን ነው። መውደቅ አደገኛ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ራስን፣ አንገትን፣ ክንድን ይጎዳል። ፊት ግን ፈረሱ ቆሞ ሳለም ይመታል፤ የሚመታውም በፈረሱ በራሱ ጭንቅላት ነው። የአገራችን ፈረስ አነስ ያለ ነው ብላችሁ አትናቁት። አንገቱና ጭንቅላቱ አንድ ላይ የአንድ ትንሽ ልጅ ያህል ይመዝናሉ። ዝንብ ሲያባርር ወይም ልጓሙ ሲቆረቁረው ድንገት ቀና ይላል። ማንንም ለመጉዳት አስቦ አይደለም፤ ለአፍንጫና ለጥርስ ግን ልዩነት የለውም።

የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው ልክ ከግንባሩ ፊት ለፊትና ልክ ከጭራው በስተኋላ ያለውን ነው። ልጆቻችን ደግሞ የሚሮጡት ወደነዚሁ ሁለት ቦታዎች ነው፤ ግንባሩን ሊስሙ፣ ጭራውን ሊነኩ። ስለዚህ በጎን በኩል፣ ወደ ትከሻው፣ ድምፃችሁን እያሰማችሁት ቅረቡ። በኋላው ማለፍ ካለባችሁ ራቅ ብላችሁ ዙሩ። አዋቂን ጭኑ ላይ የሚያገኘው ርግጫ የአምስት ዓመት ልጅ ሲሆን ፊቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ኮርቻው ሲጠብቅም ልጁ ከሆዱ ሥር አጎንብሶ እንዳያይ ያዙት፤ ብዙ ፈረስ ጠፍሩ ሲሳብበት ይቆጣል።

ወንጪ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ብዙ ሰው ወደ ሐይቁ በእግሩ ይወርድና ሲመለስ ዳገቱን በፈረስ ይወጣል። አፋፉ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ የከተማ ሳንባ ዳገቱን አይወደውም፤ እኔም አልፈርድም። ዳገት የሚወጣ ፈረስ ግን በየእርምጃው አንገቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ወደፊት ያጎነብሳል። የፈረሱ አንገትና የሰውየው አፍንጫ የሚገናኙት ያኔ ነው። ከወገባችሁ ትንሽ ብቻ ዘንበል በሉ፣ ጋማውን ያዙ፣ ፊታችሁን ከአንገቱ በላይ ሳይሆን ወደ ጎኑ አድርጉ። ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ቀና ማለት ነው። ተከታትላችሁ ስትሄዱ በመካከላችሁ ቢያንስ አንድ ፈረስ የሚያህል ቦታ ይኑር፤ ከፊት ያለው ሰው ገፍቶት የሚለቀው ቅርንጫፍ ተመልሶ የኋለኛውን ዓይን ያገኛልና። ፈረሱ ከፈጠነባችሁ ደግሞ ሳቢውን "ሱታ!" በሉት። በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው፤ ከእናንተ ጩኸት ይልቅ እሷ ትሠራለች።

ስልክ ኪስ ውስጥ ይግባ። ፊት አጠገብ የተያዘ ስልክ ፈረሱ ሲነቃነቅ ራሱ ፊት ይመታል። የመስታወት መነጽር ካላችሁ አውልቁት፤ ረዘም ያለ የጆሮ ጌጥም እንዲሁ። በነፋስ የሚውለበለብ ነጠላና ድንገት የሚከፈት ጃንጥላ ብዙ ፈረስ ያስበረግጋሉ፤ ከጋላቢው ይልቅ ይህን የሚያደርገው ከጎን የቆመው ቤተሰብ ነው። ልጓሙ ላይ ያለውን ገመድ እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት፤ ብትወድቁ ከፈረሱ ጋር ይጎትታችኋል። እርካቡ ውስጥም የእግራችሁ ፊተኛው ክፍል ብቻ ይግባ። የዱሮው የአገራችን እርካብ የእግር ጣት ብቻ የሚያስገባ ነበር፤ የዛሬው ሰፊ ስለሆነ ስኒከር ያደረገ ልጅ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይከተዋል።

አሁን ወደ ሄልሜት ልምጣ። የብዙ ወላጅ መልስ "እኛ በልጅነታችን ያለ ምንም ነበር የምንጋልበው" የሚል ነው። ይሁን። ግን ጉግስ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ሲወረውር ተሳዳጁ ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ራሱንና ጀርባውን ይከልላል። ምኒልክን አባ ዳኘው እያሉ ሰውን በፈረሱ ስም ይጠሩ የነበሩ ሰዎች ጨዋታ ነው፤ ጋሻ መያዙንም ማንም ፍርሃት አላለውም። ዛሬ የፖሎ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ሄልሜታቸው ላይ ፊት የሚሸፍን ፍርግርግ ያስገጥማሉ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ስፍራ ፈረስ ላይ የሚወጣ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርግ አስገድዷል፤ በረጅም ባርኔጣ ያምሩ የነበሩት ጋላቢዎች እንኳ አልቀረላቸውም።

ሄልሜት ግንባርንና ጆሮ ግንድን ያድናል፤ ከፊቱ ወጣ ያለው ጥላም ለአፍንጫ ትንሽ ይረዳል። መንጋጋንና ጥርስን ግን አይሸፍንም፤ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ለጥርስ የሚሆነው ቦክሰኞች አፋቸው ውስጥ የሚያደርጉት መከላከያ ነው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በጥርሱ ልክ ይቀረጻል፣ ዋጋውም የሚከብድ አይደለም። የፈረስ ሄልሜት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እዘዙት፤ ከሽቶና ከቸኮሌት ይጠቅማል። እስከዚያው የልጁ የብስክሌት ሄልሜት ከባዶ ራስ ይሻላል፤ ማጅራት አካባቢ ግን አጠር ይላል። የሞተር ብስክሌቱ ለልጅ አንገት ይከብዳል። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ትቶ ይቀመጥ፣ ማሰሪያው አገጭ ሥር ይጥበቅ፣ ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ አይወዛወዝ። አንዴ ክፉኛ የተመታ ሄልሜት፣ ስንጥቅ ባይታይበትም፣ ሥራውን ጨርሷል።

ወንጪን የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። የሚሄደው ሰው በዝቷል፤ ፈረስ አከራይ ቤተሰቦችም እንጀራቸው ነው፣ ይብዛላቸው። በሙያዬ ልናገር ከተፈቀደልኝ ግን፣ አሥር ሄልሜት ደርድሮ የሚጠብቅ አከራይ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ እናቶችን ይስባል። እኛ የማስታወቂያ ሰዎችም ባዶ ራሱን የሚጋልብ ልጅ ፎቶ መለጠፋችንን ብንተው ጥሩ ነው።

ወደ ጥርሱ ልመለስ፤ ያጠፋሁት እዚያ ላይ ነውና። አንስቼ በሶፍት ጠቀለልኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። የደረቀ ጥርስ ይሞታል። የጥርስ ሐኪሟ በኋላ እንደነገረችን፣ ሥሩን ሳልነካ በላይኛው ነጭ ክፍል ይዤ፣ በንጹሕ ውሃ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አለቅልቄ፣ እዚያው ቦታው ላይ መልሼ ልጁን ጨርቅ ማስነከስ ነበረብኝ። ይህ ካልተቻለ ወተት ውስጥ መክተት። ወንጪ ላይ ወተት! ከመድኃኒት ቤት በፊት የሚገኘው እሱ ነው፤ እኔ ግን አላወቅሁም። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው ያለው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ከሥር የሚበቅለውን ያበላሻል።

ሌላውን በአጭሩ ልንገራችሁ። አፍንጫ ሲደማ ራስን ወደፊት ዘንበል አድርጎ ለስላሳውን ክፍል አሥር ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ ነው፤ ወደ ኋላ ማንጋጠጥ ደሙን ያስውጣል። ከምቱ በኋላ ጥርሶቹ እንደ ቀድሞው ካልገጠሙ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካየ፣ ጉንጩ ከደነዘዘ፣ ከአፍንጫው ንጹሕ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ከወረደ፣ ካስመለሰው ወይም ከፈዘዘ "ነገ እናየዋለን" የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። አፍንጫውንም አይናፈጥ። ትንሽ ጭረት ብትሆን እንኳ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጠይቁ። ተሕዋሱ የሚኖረው አፈርና የፈረስ ፋንድያ ውስጥ ነው፤ ቁስሉ ቆሽሾ የመጨረሻው ክትባት ከተወሰደ አምስት ዓመት ካለፈው ሐኪሙ ሊደግመው ይችላል።

የእህቴ ልጅ አሁን የሚወልቅ ጥርስ አለው። መንጋጋው አድጎ እስኪጨርስ፣ ማለትም እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ገደማ፣ አጥንት ውስጥ የሚተከለው አይደረግለትም። ባለፈው ጥቅምት "ወንጪ እንሂድ" ያለው እሱ ራሱ ነው። ሰማያዊውን የብስክሌት ሄልሜት ከቤት ይዞ መጣ። ፈረሱን የሚስበው ልጅ፣ የእሱ እኩያ ነው፣ ሄልሜቱን አገላብጦ አየና "እኔ ልሞክረው?" አለ። ሰጠው። ልጁ ሄልሜቱን አድርጎ ፈረሱ ላይ ዘሎ ወጣና ሜዳውን ሽምጥ ዞረው። የእህቴ ልጅ እጁን ከአፉ ላይ አንስቶ ሳቀ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።