አምፖሉስ ቅርስ አይደለም እንዴ?

ታሪካዊ ቤት ሲታደስ በሩና መስኮቱ በጥንቃቄ ይያዛል፤ አምፖሉ ግን «ተቃጥሏል» ተብሎ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። እኔ በዚህ አልስማማም። አምፖል እኮ የቤቱን ዕድሜ ይናገራል! አናቱ ላይ የሾለ መስታወት ካለው፣ ሲሠራ አየሩ የወጣው በዚያ በኩል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1930 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው። ክሩ ወፈር ብሎ እንደ ቀለበት ከዞረ ካርቦን፣ ቀጥኖ ላይና ታች ከተወጠረ ተንግስተን ነው።

እንግሊዝ አገር የሚገኘው ክራግሳይድ የተባለ ቤት በ1880 እ.ኤ.አ. የጆሴፍ ስዋን አምፖሎች ተገጥመውለት ነበር። ዛሬም ጎብኚ ከሚስብባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የመብራቱ ታሪክ ነው።

«ታዲያ በጨለማ እንጎብኝ?» የሚል አይጠፋም። የለም፣ ይተካ! አሮጌውን «እስቲ ይበራ እንደሆነ» ብሎ መሞከር ግን ደግ አይደለም፤ ለ110 ቮልት የተሠራ አምፖል እኛ አገር 220 ላይ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። በምትኩ ክር መሳይ ኤልኢዲ፣ 2700 ኬልቪን የሚለውን መግዛት ነው። ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ የድሮውን የጨርቅ አባዡር አይጎዳም። (ነጩን መስቀል የመኳንንት ሳሎንን ፋርማሲ ማስመሰል ነው።) የወረደው አምፖል ደግሞ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ ከየትኛው ክፍል እንደወረደ ተጽፎበት ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ።