«ቤቱ ተይዟል» የሚለው መልስ አይበቃንም!



በስልክ ሲጠየቅ «ቤቱ ነፃ ነው፣ ኑና እዩት» ይባላል። አባትና እናት ልጆቻቸውን አስከትለው ደጃፉ ላይ ሲደርሱ «ስሊኻ፣ አሁን ተይዟል» ይባላሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤቱን የያዘው ማን ነው? የቆዳችን ቀለም ነው!

እኛ ናሓል ሀደራ የምንኖር ቤተሰቦች በአቅራቢያችን ካሉት ትናንሽ መንደሮች በአንዱ ግቢ ያለው ቤት ብንከራይ ቅንጦት አይደለም። በጎንደርና በትግራይ ገጠር ያደገ ሰው ፎቅ ላይ ተደራርቦ መኖርን የለመደው ተገዶ ነው።

ነገሩ የአንድ ሰፈር ወሬ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኪርያት ማላኺ አንዳንድ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያ ተወላጆች ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ሲጋለጥ ሕዝባችን አደባባይ ወጥቷል።

በገሊላና በኔጌብ ደግሞ ነገሩ ሕግ ለብሷል። የ2011ዱ ሕግ እስከ 400 ቤተሰብ ላላቸው መንደሮች «ቫዓዳት ካባላ»፣ ማለትም የመቀበያ ኮሚቴ ፈቀደ፤ በ2023 ቁጥሩ ወደ 700 ከፍ አለ። ሕጉ በዘር መከልከልን ይከለክላል፤ ነገር ግን «ከመንደሩ ማኅበራዊና ባህላዊ ኑሮ ጋር አይስማማም» ብሎ መመለስን ይፈቅዳል። በፊት ለፊት በር የተባረረው መድልዎ በጓሮ ገባ ማለት ነው!

ታዲያ ዝም እንበል? ከሀደራ በስተምሥራቅ ባለችው በቃጺር ቦታ የተከለከሉት የአረብ ባልና ሚስት፣ ቃዕዳኖች፣ ዝም አላሉም። ተከራከሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2000 መንግሥት መሬት ሲሰጥ በአይሁድና በአረብ መካከል ማዳላት እንደማይችል ፈረደ። እነሱ የጠየቁትን እኛ ለመጠየቅ ማን ከለከለን?

ስለዚህ፦

«ተይዟል» ስትባሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተናገረውን ሰው ስም ጻፉ። ዕብራይስጥ ተናጋሪ ጓደኛችሁ ያን ጊዜውኑ ደውሎ ስለዚያው ቤት ይጠይቅ። ኮሚቴ ከከለከላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ያልገባችሁን ኾዜ አትፈርሙ። የአሥር ዓመት ልጅ የኪራይ ውል አስተርጓሚ አይደለም! በ2017 በወጣው የኪራይ ሕግ መሠረት በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዋስትና የሚጠየቅ መያዣ ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሚጠይቃችሁ አከራይ አለማወቃችሁን ተማምኖ ነው።

ወላጆቻችን ትዕግሥትን አስተምረውናል፤ እናከብራቸዋለን። ነገር ግን «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነሱው ናቸው። እኛ ደጃዝማችነት አልጠየቅንም፤ የምንከፍልበት ቤት ነው የጠየቅነው!