ዶማውን አስቀምጡት

ባለፈው ጥር ጫግኒ ሻይ ቤት ተቀምጠን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ሽማግሌና ወጣት፣ ሴትና ወንድ ተንበርክከው፣ የግንበኛ ማንኪያ በመሰለች ትንሽ መጫሪያ ጭቃ ይፍቃሉ። ቦታው ቪንዶላንዳ ይባላል፤ ሮማውያን በሰሜን እንግሊዝ የሠሩት የጦር ሰፈር ነው። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ አይከፈላቸውም» አለኝ፤ «ጭራሽ እነሱ ከፍለው ነው የሚቆፍሩት!» ከዚያ ወደ ልቡ ጉዳይ ገባ። ጣልያን በዳንግላና በእንጅባራ ሰፍሮ አልነበር? ታዲያ በክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወጣቱ ዶማና አካፋ ይዞ ይውጣ፣ ምሽጉን ይቆፍር፣ የተገኘው ሙዚየም ይግባ፣ ቱሪስት ይምጣ። ጠረጴዛውን የከበብነው ሁሉ ጥሩ ሐሳብ ነው ብለን ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ። ያፈርኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

በልጁ አልፈርድም። ሐሳቡ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሻዬን ጠጥቼ እተወው ነበር። ነገር ግን በየስብሰባው፣ በየቢሮው፣ በየበዓሉ የምንሰማው ይኸው ነው፦ ታሪክ ማለት ከመሬት በታች የተቀበረ ዕቃ ነው፤ ዕቃው የሚወጣው በጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ በነፃ የሚገኘው ከወጣቱ ነው። ከሦስቱ አንዱም እውነት አይደለም።

መጀመሪያ ግን ስለ ሮም ትንሽ ልበል፤ ነገሩ ደስ ስለሚለኝ። እውነተኞቹ ሮማውያን ወደ እኛ አልመጡም። ንጉሣቸው ኔሮ የአባይን ምንጭ ፈልገው እንዲያገኙለት ወታደሮች ልኮ እንደነበር ሴኔካ ጽፏል፤ ነጭ አባይን ይዘው ወጡና ረግረጉ መለሳቸው። ምንጩ ያለበት ግሽ አባይ ከእኛ ስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ ለሚያውቅ የአዊ ሰው ይህ ጥሩ የሳቅ ምንጭ ነው። ከ1,900 ዓመት ገደማ በኋላ የመጡት ግን የሮም ወራሽ ነን ባዮች ነበሩ። ሙሶሊኒ የአክሱምን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 አስነቅሎ ሮም ላይ ያስተከለው የዱሮ ቄሳሮች ከግብፅ ሐውልት ያስመጡ ስለነበር ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆመ። ስለዚህ ልጁ ቪንዶላንዳን አይቶ የጣልያንን ምሽግ ማስታወሱ የሞኝ ንጽጽር አይደለም። ሞኝነቱ የሚጀምረው ዶማው ሲነሳ ነው።

ቪንዶላንዳን ያስጠራው ወርቅ ወይም ሐውልት አይደለም፤ የእንጨት ስንጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሮቢን በርሊ የተባለው አርኪዮሎጂስት ከእርጥብ አፈር ውስጥ የተጣበቁ ሁለት ስስ እንጨቶች አገኘ። የአናጢ ፍቅፋቂ መስለውት ነበር። ሲያላቅቃቸው ውስጣቸው በቀለም ተጽፎባቸዋል። ወደ አንድ ምሁር ይዞት እስኪደርስ ጽሑፉ ጠቁሮ የማይነበብ ሆነ፤ አየር ነካዋ! እንደገና የታየው ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኢንፍራሬድ ፎቶ ሲነሳ ነው። ከዚያ በኋላ የተገኙት ደብዳቤዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ከመካከላቸው አንዲት የጦር አዛዥ ሚስት ለወዳጇ የላከችው የልደት በዓል መጥሪያ አለ፤ ዕድሜው 1,900 ዓመት ይሆናል።

እንግዲህ ያን እንጨት ለክረምት ዘመቻችን እንስጠው። ሃምሳ ወጣት፣ ሃምሳ አካፋ፣ ከፊት አንድ ካሜራ ያለው ሰው፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይህን ያህል ሜትር ኩብ አፈር እንዲወጣ የታዘዘ አስተባባሪ። እንጨቱ የት ይሄዳል? ከአፈሩ ጋር ወደ ክምሩ ነዋ። አንድ ሰው በአጋጣሚ አይቶ ቢያነሳው እንኳ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ፣ ከጎኑ ምን እንደነበር የጻፈ የለም፤ ማታ ጠቁሮ ያድራል፤ ጠዋት ማገዶ ነው። ቁፋሮ እንደ መጽሐፍ ንባብ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። የሚረሱት አንድ ነገር ቢኖር አንባቢው ገጹን ባነበበ ቁጥር እየቀደደ የሚጥል መሆኑን ነው። ያልገለበጠውን ማንም ተመልሶ አያነበውም።

ደግሞስ በክረምት? ጫግኒን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አለመሳቁ ይገርመኛል። የእንግሊዞቹ የቁፋሮ ወራት በሚያዝያ ጀምረው በመስከረም ያልቃሉ፤ የእነሱ በጋ ነው። የእኛ ተማሪ ነፃ የሚሆንበት ሐምሌና ነሐሴ ግን ጉድጓድ ጠዋት ተቆፍሮ ማታ ኩሬ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ግድግዳው ይናዳል፣ የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ጋር ይቀላቀላል። አፈሩ በደረቀበት በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ተማሪው ክፍል ውስጥ፣ ገበሬው አውድማ ላይ ነው። በዚህ ላይ የአካባቢያችንን ከሰል ጨምሩበት። አርኪዮሎጂስቶች የቦታ ዕድሜ ከሚለኩባቸው ዋና ነገሮች አንዱ የከሰል ቁራጭ ነው፤ አዊ ውስጥ ደግሞ ለከሰል የሚሆነው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ያልተተከለበት፣ ከሰል ያልከሰለበት መሬት ከተገኘ ተመስገን ነው። ያላወቀ እጅ ያምናውን የጓሮ ከሰል የጣልያን ዘመን ቅርስ ብሎ በላስቲክ ቢቋጥረው ማን ይከሰዋል?

ሕጉስ? ሕጉ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳያገኝ ማንም ሰው የቅርስ ቁፋሮ ማካሄድ አይችልም። በጎነቱ ፈቃድ አይሆነውም።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ «በጎ ፈቃድ» የሚለው ቃል። ቪንዶላንዳ ላይ የሚንበረከከው ሰው ከፍሎ የሚቆፍረው ጉልበቱን ለመስጠት አይደለም። ጉልበት ብቻ ቢፈለግ አንድ ኤክስካቫተር በግማሽ ቀን ይጨርሰው ነበር። የከፈለው ለመማር ነው፦ አርኪዮሎጂስት አጠገቡ ቆሞ የአፈር ቀለም ሲለወጥ እንዲያይ፣ እጁን እንዲያዘገይ፣ ያገኘውን ባለበት እንዲተው ያስተምረዋል። ማለትም ተማሪ ነው፤ ክፍያውም የትምህርት ቤት ነው። እኛ ዘንድ ቃሉ የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው። እርከን እንሠራለን፣ ችግኝ እንተክላለን፣ የአቅመ ደካማ ቤት እንጠግናለን። መልካም ሥራ ነው፤ ከደቦና ከወንፈል ባህላችን ጋር ይዛመዳል። ግን ክንድ እንጂ ዓይን አይጠይቅም። የእነሱን ስም ወስደን የእኛን ሥራ ስንለጥፍበት የሚወጣው ልጅ ትምህርትም አላገኘ፣ ደመወዝም አላገኘ።

ዓይን እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ዓለማየሁ አስፋውን ያስታውስ። ሐዳር ላይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1974፣ ድንቅነሽ ከመገኘቷ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የጥንት ሰው ዘር መንጋጋዎችን ያገኘው እሱ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ወራንሶ ሚሌ ላይ «ካዳኑሙ» የተባለውን አጽም የመጀመሪያ ቁራጭ ያየውም ያው ሰው ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ፣ ያውም በዚህን ያህል ዘመን ልዩነት፣ በዕድል አያገኝም። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲያነብ የኖረ ባለሙያ ነው። ስለ ድንቅነሽ ከሚያወራው ኢትዮጵያዊ ስንቱ ስሙን ያውቃል? የመስክ ሠራተኛን ስም የመዘንጋት ልማድ ድሮውንም አለን፤ አሁን በነፃ የሚሠራ ስም የለሽ መጨመር ምን ይጠቅመናል?

እውነት ነው፣ አንድ ጠንካራ መልስ ይመጣብኛል። «እኛ ካልቆፈርነው የምሽጉ ድንጋይ የአጥር ድንጋይ ይሆናል፣ መንገድ ይጠርገዋል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል።» ትክክል ነው፤ እየሆነም ነው። ግን ግንብ ከመፍረሱ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ በሜትር መለካት፣ ቦታውን መዝግቦ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መስጠት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ዶማ አይፈልግም። በምዕራብ ኢትዮጵያ የነበሩ የጣልያን ጦር ሰፈሮችን ያጠናው ስፔናዊው አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራውን ሲያሳትም ትኩረቱ ውድ ዕቃ ላይ አልነበረም፤ የተራ ወታደር ኑሮ ላይ ነበር። እሱና ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌ፣ ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1939 መርዝ ጋዝ ተጠቅሞ ሕዝብ የፈጀበትን የሰሜን ሸዋውን የዘረት ዋሻም አጥንተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አካፋ ይዞ መዝመት ምን ማለት እንደሆነ መቼም አላብራራም።

እኛ አካባቢ «ምሽግ» የሚለው ቃል ገና ታሪክ አልሆነም፤ ይህንንም ወጣቶቻችን ያውቁታል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀለው ሕዝብ እዚሁ ጫግኒ ራንች ላይ ሸራ ወጥሮ ሰፍሮ ነበር። ለታሪክ የሚቸኩል ወጣት ካለ፣ ያን ሰፈር ካየው ሰው አብዛኛው ገና በሕይወት አለ። አልመዘገብነውም።

አሁን ደግሞ የቁፋሮውን ሐሳብ ከሥሩ የሚነቅለው ነገር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲዘልቁ ጣልያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ወጣ። በችኮላ የወጣ ጦር ዕቃውን ሁሉ ሸክፎ አይሄድም። የቀረውን ማን ወሰደው? አፈር አልወሰደውም። የአካባቢው ሰው ነው የወሰደው። በር ሆነ፣ ማሰሮ መክደኛ ሆነ፣ ማረሻ ሆነ። ያኔ 10 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ 90ን አልፏል፤ ከእነዚያ ልጆች ምን ያህል እንደቀሩ በየቀብሩ የምንቆም እናውቃለን። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ጣልያን ገና አገሩ ውስጥ ሳለ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን፣ ጋሻውን፣ ግልቢያውን እናያለን፤ ሽማግሌዎቹን አጠገባቸው ተቀምጦ የሚጠይቅ፣ በአገውኛ የሚነግሩትን በአገውኛ የሚጽፍ ግን ስንት ነው?

ይህን ሁሉ ከሳምንት በኋላ ለልጁ ነገርኩት። ሙሉውን ሰማኝና ቅር እንዳለው በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «እሺ ጋሼ፣ ዶማ ካልያዝን ሐምሌ ምን ይዘን እንውጣ?» አለኝ።

«ደብተር» አልኩት።

ደብተር ለፎቶ እንደማያምር ከፊቱ አነበብኩ። ዝም ብሎ ሻዩን ሲያማስል ቆየና ድንገት፣ አያቱ ቤት ውስጥ የጌሾ ማስቀመጫ አንድ የብረት ሳጥን እንዳለ፣ ክዳኑ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነገር እንዳለበት፣ ልጅ እያለ ፊደሉን በጣቱ ይከተለው እንደነበር ነገረኝ።

«ከየት አመጣሁት ይላሉ?» አልኩት።

ጠይቋቸው አያውቅም።