ፔኒሲሊኑና ቅያሪ ልብሱ

በክረምት ወራት በአንዋር መስጊድ ዙሪያና ከዚያ አልፎ ባሉት የመርካቶ መንገዶች ጭነት ሲያወርዱና ሲጭኑ የሚውሉትን ወጣቶች ያላየ የአዲስ አበባ ተማሪ ይኖራል ብለን አንገምትም። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ቀን ጆንያ ተሸክመው ይውላሉ፤ ሌሊቱን በአንድ ጠባብ ክፍል ተደራርበው ወይም በሱቅ በረንዳ ተጠጋግተው ያድራሉ። ብርዱ ሲበረታ ልብስ አይወልቅም። ይህን የምናነሣው አንባቢን ለማሳዘን አይደለም። ስለ ሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ትልቅ ዕውቀት የተገኘበት አንድ በሽታ እንዲህ ባለው ኑሮ ውስጥ ስለሚዛመት ነው። በሽታው ግርሻ ይባላል።

ግርሻ ስሙን ያገኘው ከጠባዩ ነው። ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለችው፣ በአጉሊ መነጽር ስትታይ የተጠማዘዘ ክር የምትመስለው ባክቴሪያ በደም ውስጥ ስትራባ ከባድ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይነሣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳቱ በድንገት ይለቃል፤ በሽተኛውም ዳንኩ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ግን ያገረሽበታል። የመከላከያ ሥርዓቱ የባክቴሪያዋን የላይ ሽፋን ፕሮቲን ለይቶ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል፣ ይደመስሳታልም። ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶቹ የሽፋን ፕሮቲናቸውን ለውጠው ስለሚገኙ ሳይታወቁ ያልፋሉ፤ ሁለተኛውን ትኩሳት የሚያመጡት እነዚህ ናቸው። ባክቴሪያዋ ብዙ ቅያሪ ልብስ አላት ማለት ይቻላል፤ በሽተኛው ግን የለውም።

ሕክምና በማይገኝበት ወረርሽኝ ከሕሙማኑ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት እንደሚሞቱ የሕክምና መጻሕፍት ይገልጻሉ። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያዋን በሰዓታት ውስጥ ከደም ያጠፋታል። ተማሪ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባው ግን ከመርፌው በኋላ የሚሆነውን ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ሲያልፍ ብዙዎቹ ሕሙማን በኃይል ይንቀጠቀጣሉ፣ ትኩሳታቸው ካለበት ይጨምራል፣ ቀጥሎም የደም ግፊታቸው ይወርዳል። ያሪሽ-ሄርክስሃይመር ግብረ መልስ የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ሰዓት ሕይወታቸው የሚያልፍ አሉ። ሰውየውን ለአደጋ የሚያጋልጠው እንግዲህ የራሱ ሰውነት ለባክቴሪያዋ መሞት የሚሰጠው ምላሽ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት በዚህ ሰዓት በግርሻ ሕሙማን ደም ውስጥ ቱሞር ኔክሮሲስ ፋክተር (በአጭሩ ቲ.ኤን.ኤፍ.)፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርሉኪን-8 የተባሉት የሕዋሳት መልእክተኞች እንደሚጨምሩ አሳየ። መጨመራቸው ግን ጥፋተኛ መሆናቸውን አያረጋግጥም፤ እሳት ባለበት ጭስ ቢኖርም እሳቱን ያስነሣው ጭሱ አይደለምና። ስለዚህ ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ዴቪድ ዋረል ጋር በመሆን ቲ.ኤን.ኤፍ.ን ራሱን አግደው ውጤቱን ለማየት ተነሡ። በ1996 ባሳተሙት ጥናት 49 የግርሻ ሕሙማን በዕጣ ተመድበው ነበር። 20ዎቹ ከፔኒሲሊኑ አስቀድሞ ከበግ የተገኘ የፀረ-ቲ.ኤን.ኤፍ. አካል ስባሪ በደም ሥር ተሰጣቸው፤ 29ኙ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ። ግብረ መልሱ ከ29ኙ በ26ቱ ላይ ሲታይ፣ ከ20ዎቹ በ10ሩ ላይ ብቻ ታየ።

የዚህን ጥናት ብልኅነት ለመረዳት በዚያ ዘመን የነበረውን ማስታወስ ያሻል። በሌሎች አገሮች በደም መመረዝ በተያዙ ሰዎች ላይ የተደረጉት የፀረ-ቲ.ኤን.ኤፍ. ሙከራዎች አጥጋቢ ውጤት አላስገኙም ነበር። በደም መመረዝ የተያዘ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው የቲ.ኤን.ኤፍ. ማዕበል ከተነሣ በኋላ ነው። በግርሻ ግን ማዕበሉ የሚነሣበትን ሰዓት የሚወስነው መርፌውን የያዘው ሐኪም ነው፤ ስለዚህ መከላከያውን ቀድሞ መስጠት ይቻላል። በ1998 ደግሞ ለቲ.ኤን.ኤፍ. መፍሰስ ዋነኛ ቀስቃሽ የሆነው ያው የሚለዋወጠው የባክቴሪያዋ የሽፋን ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ።

በዚያው በ1998 ፀረ-ቲ.ኤን.ኤፍ. መድኃኒቶች በበለጸጉ አገሮች ለመገጣጠሚያ ቁጣና ለአንጀት ሕመም ተፈቀዱ። ለግርሻ በሽተኛ መደበኛ ሕክምና ግን አልሆኑም፤ እርሱ ዛሬም የሚያገኘው ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና የነርስ ክትትል ነው። በዚህ ተመራማሪዎቹን መውቀስ ተገቢ አይመስለንም፤ ጥያቄያቸው እውነተኛ፣ መልሳቸውም ጥርት ያለ ነበር። የምንቃወመው በተማሪዎቻችን ዘንድ የሰፈነውን አስተሳሰብ ነው፦ ቲ.ኤን.ኤፍ. ሳይንስ፣ ቅማል ግን የጽዳት ጉዳይ ናት የሚለውን።

በሽታውን የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል ናት። ንክሻዋ ብቻውን አያስተላልፍም፤ ሰው ሲያካት ስትጨፈለቅ በውስጧ ያለው ባክቴሪያ በተፋቀው ቆዳ በኩል ይገባል። ባክቴሪያዋን ለልጆቿ አታወርስም፤ ባክቴሪያዋም ከሰው ሌላ የታወቀ ማደሪያ የላትም። በሰውና በሰው መካከል ያለው ብቸኛ ድልድይ ቅማሏ ናት ማለት ነው። ቅማሏ ደግሞ የምትኖረው በገላ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። አንድ ሠራተኛ ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ ቢያደርግ ወይም በየማለዳው ፊቱን ቢታጠብ ያችን ስፌት አይነካትም። ችግሩ የሰውየው ቸልተኝነት ነው የሚሉ ሰዎች አንድ ሸሚዝ ብቻ ያለው ሰው ሸሚዙን አጥቦ እስኪደርቅ ምን ለብሶ ጆንያ እንደሚሸከም ይንገሩን። ያውም በነሐሴ!

በሽታው በአዲስ አበባ እንደ ቀድሞው ባይበዛም ከአገራችን ጨርሶ አልጠፋም። በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው ጀርመንና ጣሊያን በገቡ ወጣት ስደተኞች ላይ ሲገኝ፣ አይተውት የማያውቁ ሐኪሞች ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን ማገላበጥ ነበረባቸው። ስለ መርፌው የተጻፈው አላነሰም።

ስለ ሸሚዙ ግን በዚያው በ1996ቱ ጥብቅ ሥርዓት መጠየቅ ይቻላል። በመርካቶ ፈቃደኛ የሆኑ የቀን ሠራተኞች የሚያድሩባቸው ቤቶች በዕጣ በሁለት ይመደቡ። በመጀመሪያዎቹ ከሰኔ ጀምሮ ልብስ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ስፌቱ በካውያ ይተኮስ፣ እስኪደርቅም ቅያሪ ልብስ በውሰት ይሰጥ፤ በሁለተኛዎቹ ያው አገልግሎት ከአንድ ወር በኋላ ይጀመር፣ እንጂ አይቀር። በሁለቱም በየሳምንቱ በየሸሚዙ ያለው ቅማል ይቆጠር፤ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ደሙ በአጉሊ መነጽር ይታይ፣ ወዲያውም ይታከም። ለዚህ በርሜል፣ ሳሙና፣ ካውያ፣ ጥቂት ደርዘን ሸሚዝና ሱሪ፣ እንዲሁም በየፋኩልቲያችን የሚገኘው አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል።