ማሳሰቢያ፦ ግድግዳውን ሳይሆን ቋሚውን እዩ

የጭቃ ቤት ባለቤቶችና ተከራዮች፣ የወረዳ የግንባታ ባለሙያዎችም፤ ክረምት ሳይገባ ይህን ልብ በሉልን።

የጭቃ ቤታችንን ጣሪያ የተሸከመው ጭቃው አይደለም። እንጨቱ ነው። ጭድ ከጭቃ ጋር የሚቦካው ምርጊቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ነው። በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ አርተር በምትባል ትንሽ መንደር፣ በ1928 እ.ኤ.አ. ከታሰረ ጭድ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እዚያ ጣሪያውን የተሸከመው ራሱ የጭዱ ግድግዳ ነው። የእኛ አሠራር ግን ሌላ ነው። ክብደቱ ከቆርቆሮው ወደ ቋሚዎቹ፣ ከቋሚዎቹም ወደ መሬት ይወርዳል።

ይህን ዘንግተን በር ለማስፋት ወይም የመንገድ ዳር ክፍሉን ሱቅ ለማድረግ አንድ ሁለት ቋሚ እንቆርጣለን። ቤቱ በዚያው ቀን አይወድቅም። የቀሩት ቋሚዎች ሸክሙን ተካፍለው ይቆያሉ፤ ኋላ ግን ይጎብጣሉ፣ ማገሩ ይላላል፣ ብርቱ ዝናብና ነፋስ በመጣ ሌሊት አቅም ያጣሉ።

ከመቁረጥ የሚብሰው መበስበስ ነው፤ አይታይምና። መሬት የተቀበረ የባሕር ዛፍ ቋሚ ቀድሞ የሚጎዳው ከአፈሩ ብቅ በሚልበት፣ እርጥበትና ድርቀት በሚፈራረቁበት ቦታ ነው። ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው። ቤቱን ለማሳመር በሲሚንቶ ስንለስነው ደግሞ ጉዳቱን እንሸፍነዋለን። ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር አብሮ ስለማይላወስ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ውስጡን እንጨቱን ይበላዋል፣ ከውጭ ያለው ልስን ግን አዲስ መስሎ ይቆያል።

እናንተ የሥራ ኃላፊዎች፣ መንገድ ስታሠሩ ከቤቶቹ ወለል በላይ ከፍ ካደረጋችሁት የፍሳሽ ቦይ አብራችሁ አሠሩ። አለዚያ የሰፈሩ ጎርፍ ሁሉ ማረፊያው የግድግዳ ሥር ነው። በጭቃ ቤት አጠገብ ጥልቅ የመሠረት ቁፋሮ ስትፈቅዱም የጎረቤቱ ቋሚ የቆመው በዚያው አፈር ላይ መሆኑን ሄዳችሁ እዩ።

ባለቤቶች፣ የግድግዳውን ሥር ጥቂት ቆፍራችሁ ቋሚውን በሹል ብረት ውጉት። ብረቱ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ አልቋል። ለመቀየር አናጺ ጥሩ፤ ጣሪያው በድጋፍ እንጨት ሳይያዝ ቋሚ አይነቀል። ሲከፈት የነበረ በር ያለ ምክንያት መጣበቅ ከጀመረ፣ ግድግዳው ወደ ውጭ ካበጠ ግን ለቁፋሮም አትዘግዩ። ልጆቹን ከዚያ ክፍል ዛሬውኑ አስወጡ።